የግራ ጉንጯ

ሰፈሩ «አንገት ቀና» ይለዋል። ፎቶ አንሺ ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ በርጩማ ላይ አስቀምጦ «አንገት ቀና! ትከሻ ዘና! ጥርስ አይታይ!» እያለ ሲያዝ ስለኖረ፣ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ ትእዛዙ ስም ሆነለት። እሱም ደስ ይለዋል። የሰው አንገት አቃናለሁ እያለ ይኮፈሳል። የገዛ ቤቱ ውስጥ የማን አንገት እንደተደፋ ግን አንድም ቀን ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም።

ሥራውን ይችላል፤ ይህን አንክደውም። ከሱ ፎቶ ቤት ቡግሩን ወይም ጠባሳውን ይዞ የወጣ ሰው የለም። ድሮ በኔጋቲቩ ላይ በቀጭን ብሩሽ፣ ኋላ ደግሞ በኮምፒውተር ያጠፋዋል። የራሱም ትልቅ ፎቶ በመስታወቱ ማሳያ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ጠጉር፣ ሙሉ ጥርስ። ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃችሁ ሰውዬ ግን ራሰ በራ ነው፤ የፊት ጥርሶቹም ከረገፉ ቆይተዋል። ደንበኛ አንዴ ፎቶውን አንዴ እሱን ሲያይ «ልጄ ነው» ብሎ ይቀልዳል።

ሚስቱ ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የወረደ ጠቆር ያለ ምልክት አላት፤ ስትወለድ ይዛው የመጣችው ነው። እናቷ «ማርያም ስማሽ ነው» እያለች አሳደገቻት፤ እሷም አምና አደገች። የተጋቡ ሰሞን አንገት ቀና የሠርጉን ፎቶ ሲያጥብ ምልክቱን በብሩሽ አጠፋውና አምጥቶ አሳያት።

«ይኸው፣ አሁን ሰው መሰልሽ» አላት።

ሙሽራ ናት፤ ቀልድ መሰላትና ሳቀች።

ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ምልክቱ የሚታይበት አንድም ፎቶ ከዚያ ቤት አልወጣም። መታወቂያዋ በታደሰ ቁጥር የሚያነሳት እሱ፣ የሚያጠራው እሱ፣ ፎቶውን ለጽሕፈት ቤቱ የሚያደርሰው እሱ። እሷን ራሷን ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል አስቀመጣት። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የሰው ፊት በመቁረጫ እያስተካከለች በፖስታ ትከታለች። አንዳንዴ ወገቧን ሲያማት ወደ ፊት ብቅ ካለች «ግቢ ወደ ውስጥ፣ ደንበኛ ይደነግጣል» ይላታል። ይህን የሚላት ደንበኛው እየሰማ ነው። ደመወዝ እንኳ አልነበራትም፤ ደግሞ ለሚስት ምን ደመወዝ!

ገንዘቡ የተጠራቀመው በዚህ ዓይነት ነው፤ እሱ እያነሳ፣ እሷ እየቆረጠች። ታላቅ ወንድሙ «ካሜራውም ዕቃውም የአባታችን ነው፤ ድርሻዬን አምጣ» ብሎ የከሰሰው ጊዜ አንገት ቀና ብልጥ ሆነ። ያለ የሌለውን ገንዘብ አክሲዮን በሚያገበያይ አንድ ድርጅት ውስጥ በሚስቱ ስም አስገባና ዳኛው ፊት ቆሞ «የኔ የሚባል ሳንቲም የለኝም። ያለው የሚስቴ ነው፣ የላቧ ዋጋ ነው» ብሎ ማለ። ወንድሙ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሚስቱ ቤት ሲገቡ «ለምን በኔ ስም አደረግከው?» ብትለው፣ ጫማውን እያወለቀ ቀና ሳይል መለሰላት።

«አንቺን ማን ያይሻል?»

ሂሳቡን በስልክ የከፈተችው ልጃቸው ናት፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም እንደዚያው፣ የአባቷ ልጅ። ያኔ የተጠየቀችው የእናቷን መታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር። ገንዘብ ሲገባ ማን ማንን ይጠይቃል? ጥያቄ የሚመጣው ሲወጣ ነው። ገንዘቡም እዚያው ሲያድግ ኖረ። አንገት ቀና ልጁ ስልኩን ባሳየችው ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ይስቅ ነበር።

ላሟን ማውረድ ግድ የሆነው አከራዩ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ቤቱን ልሸጠው ነው» ያለው ጊዜ ነው።

«ቅድሚያው ያንተ ነው፤ ዕድሜህን የጨረስክበት ቤት ነው» አለው። «ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምጠብቅህ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ይዞ ለመጣ እሰጠዋለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

አንገት ቀና ያን ቀን ሥራ አልሠራም። ያ ቤት ከሄደ እሱ ምንድን ነው? ራሰ በራ ሽማግሌ። የሰው አንገት የሚያቃናው እዚያ በርጩማ ፊት ብቻ ነው። ፈራ፤ እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ልጅቷ ተጠራች። የድርጅቱን መልእክት ከስልኳ እያነበበች ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። እናቷ ጥግ ላይ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች።

«መጀመሪያ መታወቂያ፣ ፊትና ጀርባው። እሱ አለ» አለች ልጅቷ። «ሁለተኛ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ። በእማዬ ስም የመጣ የመብራት ወይም የውሃ ደረሰኝ።»

«አለ፣ መሳቢያው ሙሉ ነው» አለ አባትየው።

መሳቢያው ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። መብራቱ በሱ ስም። ውሃው በሱ ስም። ስልኩ፣ የፎቶ ቤቱ ውል፣ የቴሌቪዥኑ ዋስትና ሳይቀር በሱ ስም። አባትና ልጅ ወረቀቱን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ፣ እናትየው ከሽንኩርቱ ላይ ቀና ብላ ታያቸዋለች። አንዳችም አልተገኘም። በዚያ ቤት የሷ ስም የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም።

«እንግዳ ናት እንዴ እማዬ?» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

«ምን ልታደርግበት ኖሯል ስሙን?» አለ አባትየውም። አብረው ሳቁ። እናትየው ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርት ነው ብለው አለፉት።

እንግዲህ አማራጭ የለም፤ በማግስቱ አንገት ቀና መብራት ኃይል ሄዶ ቆጣሪው ወደ ሚስቱ ስም ይዛወር ብሎ አመለከተ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ «ቤቱንስ ሰጥተዋት ነው ወይስ መብራቱን ብቻ?» ብሎ ቀለደበት። «ለወረቀት ነው እንጂ፣ እኔው ነኝ» ብሎ ፈረመ። ቀጥሎ ባንክ ሆነ። የጋራ የባንክ ሂሳብ አላቸው፤ ሚስቱ አንድም ቀን አውጥታበት የማታውቀው። ድርጅቱ ግን የጋራ አልቀበልም፣ ገንዘቡ የሚተላለፈው በሚስትየዋ ስም ብቻ ወደተከፈተ ሂሳብ ነው አለ። አንገት ቀና እየተነጫነጨ ወስዶ አስከፈተላት። ፊርማዋን የምትፈርምበትን ቦታ በጣቱ ሊያሳያት ጎንበስ ቢል «አይቼዋለሁ» አለችው። በልቡ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆናለች?» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈው።

የቀረው ፊቷ ነው። የሂሳቡ ባለቤት ስልኩ ፊት ቀርባ ቀጥ ብላ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞራ መታየት አለባት። ፎቶ ቤቱን ዘግተው መብራቶቹን አበሩ። እሷም በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ስልኩን ያዘች። ስልኩ «አልተመሳሰለም» አለ። ደገሙት። «አልተመሳሰለም።»

አንገት ቀና መጀመሪያ ስልኩን ሰደበ፣ ቀጥሎ መብራቱን። ልጅቷ ግን የእናቷን መታወቂያ አነሳች፤ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እናቷን አየች።

«አባዬ፣ ጉንጯ እኮ ነው» አለች።

ከዚያ ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ የፊት ቅባትና ዱቄት አወጣች። «ትንሽ ብንሸፍነውስ?»

«ነይ እስቲ፣ እንግዲህ የምረቃሽን ፎቶ በጣትሽ ጨርሺው» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ደነገጠች። የተመረቀች ዕለት አባቷን ወደ ጎን ጠርታ «የእማዬን ጉንጭ አጥራልኝ፣ ለጓደኞቼ የምሰጠው ነው» ብላው ነበር። እናቷ የሰማች አልመሰላትም። ፎቶውን ግን ማን ቆረጠው? ለጓደኛ ሁሉ የሚታደለውን ያንን ፎቶ፣ የሌላ ሴት ጉንጭ ያላትን እናት፣ ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ የቆረጠችው ራሷ ናት።

«አምጪው፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው» ብሎ አንገት ቀና ዱቄቱን ተቀበለ።

ቀባት። ከዓይኗ ሥር ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ወደ አገጯ ወረደ። ምላሱን በጎደለው ጥርሱ በኩል አውጥቶ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ የኔጋቲቭ ሥራ በሚሠራበት ጥንቃቄ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ያንን ጉንጭ በእጁ ከነካው ዘመን አልፎታል፤ እሱ የሚነካው ወረቀቱን ነበር። ቆዳዋ ለስላሳ መሆኑን ጣቱ አወቀ። ጣቱ ያወቀውን እሱ ግን ቦታ አልሰጠውም፤ ሐሳቡ ወሩ መጨረሻ ላይ ነበር።

በዱቄቱ ስልኩን አታለሉት፤ ለአፍታ። ወዲያው የድርጅቱ ሠራተኛ በምስል ደወለች። ገና ወጣት ናት፣ አነጋገሯ የታረመ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊትዎን ታጥበው ይመለሱልኝ» አለች።

«ለምን ሲባል?» ብሎ አንገት ቀና ከጎን ገባ።

«እርስዎን አይደለም ያነጋገርኩት፣ አባቴ። የሂሳቡ ባለቤት እሳቸው ናቸው።»

እንዲህ ተብሎ አያውቅም። በገዛ ፎቶ ቤቱ፣ በገዛ መብራቱ ሥር! ሚስቱ ተነስታ ታጠበች፤ ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ ፎጣ ብታቀብላት አልተቀበለችም። ሠራተኛዋ መታወቂያውንና ፊቷን ደጋግማ አስተያየች።

«ይሄ ምልክት መቼ የወጣ ነው?»

«ይዤው ነው የተወለድኩት።»

«መታወቂያዎ ላይ የለም እኮ።»

«የለም።»

«ማን አጠፋው?»

አንገት ቀና ተንጠራርቶ የስልኩን ጥግ ሊሸፍን ሞከረ። ሚስቱ ግን ጊዜ ወስዳ፣ ቃሉን አጣጥማ ተናገረች።

«ባለቤቴ።»

ሠራተኛዋ ለአፍታ ከማያዋ ላይ ቀና አለች። ከዚያ ፎቶው ባልተነካካ አዲስ መታወቂያ ካልሆነ በቀር ገንዘቡ እንደማይወጣ ነገረቻቸው፤ ድንገት ያዘነችላት መሰለች። «በርቱ እናቴ» ብላ ዘጋች።

አንገት ቀና ሚስቱ ላይ ጮኸ። ዝም ማለት ስትችል ለምን ተናገረች? ማን ጠየቃት? አሳፈረችው! ሚስቱ ጩኸቱን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲጨርስ ወደ ካሜራው በአገጯ አመለከተች።

«አንሳኝ በል። ወሩ እያለቀብህ ነው።»

ካሜራው ኋላ ቆመ። በዚያ ቀዳዳ ስንት ፊት አይቷል! የሷን ግን እንዳለ ለማተም አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሲያያት ምን እንደሚያጠፋ እያሰበ ነበር። እሷ ሳያዛት አንገቷን ቀና አደረገች። ቀጥ ብላ አየችው። ሳያስተካክል ቁልፉን ተጫነ፤ የመጀመሪያው ፎቶ ተበላሸ።

«ድገመው» አለችው። ደገመው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊቷ ሲከፈት እጁ ከልማዱ ወደ ጉንጯ ሄደ። ከኋላው ቆማ ኖሯል።

«እንዳትነካው።»

አልነካውም። በአዲሱ መታወቂያ ጉዳዩ ወዲያው አለቀ። ፊቷ ተመሳሰለ፣ አድራሻዋ ተረጋገጠ፣ የባንክ ሂሳቧ ጸደቀ። ገንዘቡ የገባ ዕለት መልእክቱ የመጣው ወደሷ ስልክ ነው። አንገት ቀና እልል ማለት ነው የቀረው። «ተመስገን! ጠዋት አብረን ባንክ ሄደን እናወጣዋለን፣ ከዚያ ቀጥታ አከራዩ ዘንድ» አለ። ሚስቱ ስልኳን በጡቷ ሥር ሸጉጣ ወጡን አማሰለች።

ጠዋት ሲነሳ የለችም። ገበያ ሄዳ ይሆናል ብሎ ተቀመጠ። ቆየችበት። ልጁን በስልክ ጠየቃት፣ አላየኋትም አለች። በመጨረሻ ልቡ አልችል ስላለው፣ ባዶ እጁንም ቢሆን አከራዩን አንድ ቀን ጨምርልኝ ሊል ሮጠ። አከራዩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለው ገና ሲያየው። «ጨረስን እኮ። እትዬ በማለዳ መጥተው ከፈሉ፣ ተፈራረምን። አንተ ለምን አልመጣህም?»

አንገት ቀና ትንፋሹ ተመለሰ። እፎይ! ቀድማ ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው አለ። «ደግ አደረገች። ውሉ በስሜ ነው አይደል?»

አከራዩ ጥፍር መቁረጡን አቆመ። «ኧረ በስማቸው ነው። በማን ስም ልጻፈው ብላቸው፣ ‹በኔ ስም ያለ ወረቀት ቤታችን ጠፍቶ ከርሟል፣ ይሄኛው ይጨመርበት› አሉኝ። አልተነጋገራችሁም እንዴ?»

ወደ ፎቶ ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ደጃፉ ላይ ሲደርስ መስታወቱን አየ። ጥቁር ጠጉሩና ሙሉ ጥርሱ ከማሳያው ወርደዋል። በቦታቸው የሚስቱ ፊት ተሰቅሏል፤ በሩን የሚያክል፣ ከነምልክቱ፣ አንገቱ ቀና ያለ። ሁለት ሴቶች ቆመው ያዩታል።

እሷ ከፊት ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች። ልጅቷም ከሥራ ቀርታ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሌባ!» አለ አንገት ቀና። «እከስሻለሁ! የላቤን ገንዘብ!»

«አባዬ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዳኛው ፊት የላቧ ዋጋ ነው ብለህ ምለሃል እኮ። አሁን የኔ ነው ካልክ አጎቴ ይነሳብሃል፣ በሐሰት ምለሃል ብለውም ያስሩሃል።»

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት። መብራቱን የፈረመላት እሱ፣ ባንክ የወሰዳት እሱ፣ ፊቷን አንስቶ ለመንግሥት ያስመዘገበላት እሱ። ሰነዱን ሁሉ በገዛ እጁ አሟልቶ ሰጥቷታል። በርጩማው ላይ ዘጭ አለ፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ። አለቀሰም። እንባው ጥርስ ወደሌለው አፉ ሲወርድ ልጅቷ አላስቻላትም።

«እማዬ፣ በቃ» አለች። «ሽማግሌ ነው። ተይው።»

«ትቼው ብሆን ኖሮ ውጭ ነበር» አለች እናቷ። «ማን አባረረው? ሥራ አለው።»

ተነሳችና መጋረጃውን ገለጠችለት። ጠባቧ ክፍል፣ የተጫጫረው ጠረጴዛ፣ መቁረጫው፣ የሷ ወገብ ያጎደጎደው ትራስ፤ ሁሉም እንዳለ ነው። «ግባ» አለችው።

«ማን ሊያነሳ ነው ታዲያ?» አለ። ድምፁ የልመና ሆነ። «ፎቶ ማንሳት የምችለው እኔ ነኝ። ፊት ልሁን። እባክሽ፣ እዚህ ፊት ልሁን።»

«ሰው ቀጥሬያለሁ፤ ከሰዓት ይጀምራል።» ወደሱ ጠጋ ብላ ራሱን፣ ድዱን፣ የረጠበ ጉንጩን እንደ ዕቃ ተመለከተችው። ፊቷ ላይ ርኅራኄ አልነበረም። ደስታም አልነበረም፤ ልጅቷ ይህንን አየችና ከመጀመሪያው ይልቅ አሁን እናቷን ፈራቻት። «መስታወት አይተሃል?» አለችው። «ግባ ወደ ውስጥ። ደንበኛ ይደነግጣል።»

በሩ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ይሰማሉ። ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ገባ። የት ይሄዳል? መጋረጃው ከኋላው ተዘጋ። ትራሱ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታው፤ ክፍሉ እንዲህ ጠባብ መሆኑን አያውቅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያልተቆረጠ አንድ ገጽ ጉርድ ፎቶ ተቀምጦለታል። የሷ ነው፤ ስምንቱም ፊት አንድ ዓይነት፣ ስምንቱም ከነምልክቱ። አውራ ጣቱን በአንደኛው ጉንጭ ላይ አሳረፈ፤ ወረቀት ነው፣ ይቀዘቅዛል።

ከውጭ በሩ ተከፈተ፤ ደንበኛ ገባ። የአንዲት ልጅ ድምፅ «ይሄ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ ይጠፋልኛል?» ብሎ ጠየቀ።

«እዚህ ቤት ምንም አይጠፋም» አለች ሚስቱ። ቀጥላም ወደ መጋረጃው ዞራ ጠራችው። «ቶሎ ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

መቁረጫውን አነሳና ከግራ በኩል ጀመረ።